የእትዬ ይታይሽ ታንከር

«እኛ የጠየቅነው ወንድ ነበር።»

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነው። ይህን ያሉኝ አስተባባሪያችን አቶ መኳንንት ናቸው፤ ወገዳ ከተማ ባለው የፕሮጀክቱ መጋዘን በር ላይ ቆመው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

«እኔም የጠየቅሁት የቢሮ ሥራ ነበር» አልኋቸው።

አልሳቁም። ጥግ ላይ ወደተከመረው የጠጠር ጆንያ ጠቆሙና «አንዱን አንሺ» አሉ። ተሸክሜ መኪናው ላይ ጫንሁት። «ድገሚ» አሉ። ደገምሁ። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር። በማግሥቱ ረዳት ቴክኒሽያን ተባልሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ አላመጣሁም ነበር፤ ቤት መቀመጥ ደግሞ ከድሮም አልችልበትም። ስለዚህ ጆንያውን ወደድሁት።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ለተቀጠራችሁት ረዳቶች ነው። መመሪያው ላይ የሌለ ነገር ስላለ።

ሥራው ዓሣና አትክልት በአንድ ውኃ ማሳደግ ነው። ታንከር መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ውስጡ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ይለቀቃል። አጠገቡ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል በቆጥ ላይ ይጋደምና በጠጠር ይሞላል። ጠጠሩ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ይተከላል። በሶላር የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ የዓሣውን ውኃ ወደ ጠጠሩ ይገፋዋል፤ አትክልቱ ከውኃው የሚፈልገውን ይወስዳል፤ የተጣራው በቱቦ ተመልሶ ዓሣው ላይ ይወርዳል። አፈር የለም፤ ውኃ አይባክንም። ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ከጥር በኋላ ቅጠል የሚባል ነገር ስለማይገኝ ፕሮጀክቱ እዚያ ገባ።

የሁሉ ነገር ቁልፍ ጠጠሩ ነው። ጠጠሩ ላይ ዓይን የማያየው ነፍስ ያለው ነገር ያድጋል። ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ማዳበሪያ የሚለውጠው እሱ ነው። ሲዳስሱት ያሙለጨልጫል። ላላወቀው ቆሻሻ ነው።

የቆላ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከሙቀት ይጀምራል። የሞቀ ውኃ አየር አይዝም። ከቀትር በኋላ ዓሣው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ሲያዛጋ ካያችሁ ጊዜ የላችሁም። ፓምፑን ታያላችሁ፤ ቱቦው በቅጠል ተደፍኖ ይሆናል። ሶላሩ አቧራ ለብሶ ይሆናል። አንድ ሰውዬ እንዲያውም ታንከሩን በቡልኮ ጠቅልሎት አገኘሁ። «ምነው?» ብለው፣ «ዓይን ፈርቼ ነዋ! ጎረቤቴ ባየው ቁጥር ዓሣዬ ይከሳል» አለኝ። ቡልኮውን ገፈፍሁና በጆንያ ዳስ ሠራሁለት። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም ከዳሱ ሥር እየመጣ ይቀመጥ ጀመር።

ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ደግሞ አንድ ቄስ ነበሩ። ዓሣቸው በዝቶ አሞኒያው ከፍ ብሏል። መመርመሪያው ጠብታ ውኃውን ጥቁር አረንጓዴ አደረገው።

«አባ፣ ግማሹን ዓሣ ያውጡ» አልኋቸው።

«በሁዳዴ? ማን ሊበላልኝ?»

«ታዲያ ያልቅብዎታል።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ እሱም ከእኛ ጋራ ይጹም። መኖውን ልቀንስበት» አሉ።

መመሪያዬ ላይ አልነበረም። ግን ልክ ነበሩ። ብዙ ያልበላ ዓሣ ብዙ አይኮስም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ አንድም አልሞተባቸውም። ያኔ ልማር የሚገባኝን አልተማርሁም። ስቄ ሄድሁ።

በሦስተኛው ዓመት ቴክኒሽያን ሆንሁ። የራሴ ሞተር ሳይክል፣ የራሴ የመመርመሪያ ሣጥን፣ የራሴ ቀበሌዎች። አንድ የክልከላ ዝርዝርም አወጣሁ። በየስብሰባው ቆሜ እጮኻለሁ፦ ሳሙና አይንካው! በረኪና አይንካው! የተባይ መድኃኒት አይድረስበት! ሴቶቹ ከኋላዬ ይደግሙታል። የሚስቁም ነበሩ፤ «የዓሣዋ ልጅ ውዳሴ ማርያም ልታደግመን መጣች» ይላሉ። አልከፋኝም። ደገሙት አይደል?

እትዬ ይታይሽን ያገኘኋቸው በዚያን ጊዜ ነው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። በቀበሌው ታንከር ከተሰጣቸው ሴቶች የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ሲበዛ ንጹሕ ናቸው። ግቢያቸው ላይ ጤፍ ቢፈስ ለቅሞ መጋገር ይቻላል። ቆስጣቸው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፤ ከሌላ ቀበሌ እንግዳ ሲመጣ አቶ መኳንንት ወደ እሳቸው ቤት ነበር የሚወስዱት። እሳቸውም ታንከሩ ጎን ነጠላቸውን አጣፍተው ይቆማሉ፤ ብዙ አይናገሩም።

የባላቸው ሙት ዓመት በመጋቢት ዋለ። ድግሱ ባለቀ በማግሥቱ ስልክ ተደወለልኝ፦ ዓሣው አልቋል።

ስደርስ ዓሦቹን ቆርቆሮ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ድመት እንኳ እንዳይነካቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለዋል።

«እንዲህ ሆኑ» አሉኝ።

ሥራዬን ጀመርሁ። ቴርሞሜትር ከተትሁ፤ ሞቋል እንጂ የሚገድል አይደለም። አሞኒያ ለካሁ፤ የለም። ፓምፑን ፈታሁ፤ ደኅና ነው። ሽታውንም ቀለሙንም አየሁ። ውኃው አዲስ ነው፤ እሳቸው ዓሣው የሞተበትን ደፍተው ሞልተውታል።

«ሳሙና ነክቶታል?»

«አልነካውም።»

«በረኪና?»

«ስሙንም የሰማሁት ከአንቺ ነው።»

«ጎረቤት መድኃኒት ረጭቷል?»

«በመጋቢት ምን ሊረጭ?»

ቅጹ ላይ «ሙቀት» ብዬ ጻፍሁ። ሌላ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። ዳሱን ሁለት ድርብ አደረግሁና ስወጣ፣ «እትዬ፣ በሳምንቱ አዲስ የዓሣ ጫጩት አመጣለሁ። ታንከሩንም ጠጠሩንም አጽድተው ይጠብቁኝ» አልኋቸው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ያልሁት እኔ ነኝ።

ጫጩቶቹን ውኃና አየር በተሞላ ላስቲክ አድርጌ አመጣሁ። ላስቲኩን ሳልከፍት ታንከሩ ላይ አንሳፈፍሁት፤ የውስጡና የውጩ ሙቀት እስኪተካከል ጠበቅሁ። ከዚያ ለቀቅኋቸው። እየዋኙ ወደ ጥላው ገቡ። በማግሥቱ ጠዋት ስመለስ አንድም በሕይወት የቀረ አልነበረም።

ተናደድሁ። የተናደድሁት በዓሣው አይደለም፤ ምክንያቱን ባለማወቄ ነው። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተሰብስበዋል። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እርስዎ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ አይነግሩኝም!» አልኋቸው።

እትዬ ይታይሽ አዩኝ። «የነገርሽኝን ነው ያደረግሁት» አሉ።

አልሰማኋቸውም።

አቶ መኳንንት በሪፖርቱ ላይ አጥብቀው ጠየቁኝ። «ሁለት ጊዜ አልቋል። የማን ጥፋት ነው? የእኛ ዕቃ ነው?»

«ዕቃው ደኅና ነው።»

«ሥልጠናው ነው?»

«ሥልጠናውን እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልሁ፤ እንደ መልስ።

«እንግዲያው የታንከሩ ባለቤት ጥፋት ነው። ፈርሚና ታንከሩ ለሌላ ይዛወር።»

«በታንከሩ ባለቤት ቸልተኝነት» ብዬ ፈረምሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው ስብሰባ ላይም ቆሜ አነበብሁት። እትዬ ይታይሽ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ሳቡት።

ታንከሩን ለማንሣት በሳምንቱ ተመለስሁ። አራት ሰዎች ተሰጡኝ። አንዱ አያ ደሴ የሚባሉ፣ ወንዝ ዳር ያደጉ፣ ነገር የማያልፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ «ለመሆኑ ሰምተሻል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የማርያም ማኅበር ጽዋ የዚህ ወር ተራው የይታይሽ ነበር። ዘለሏት።»

«ለምን?»

«ባሏ ሞተ፤ ዓሣዋ አለቀ፤ ደግሞ ሁለቴ። ነገር ያለበት ቤት ነው አሉ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ሐሜት ነበር። አንቺ ወረቀት ካነበብሽ በኋላ ግን የተማረ ሰው መሰከረ ተባለ።»

ፍጥነቴን ጨመርሁ።

ከግቢው ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። እትዬ ይታይሽ ታንከሩን አጽድተው፣ ቱቦውን ጠቅልለው፣ የፓምፑን ብሎኖች በጣሳ ሰብስበው አስቀምጠውልኛል። ጠጠሩ እንኳ ታጥቦ ደርቋል።

ሰዎቹ ባዶውን ታንከር በሁለት እንጨት አስረው ትከሻቸው ላይ አነሡት። ቃሬዛ መሰለ። ሴቶች አጥር ላይ ተሰብስበው ያያሉ። አንዷ አማተበች።

እኔ ጠጠሩን ወደ ጆንያ ልገለብጥ በርሜሉ ጋ ቀረሁ። አቧራ እንዳይሆንብኝ አንድ ጆግ ውኃ አፈሰስሁበት። አረፋ ወጣ።

ደገምሁ። አሁንም አረፋ።

«ሳሙና!» ብዬ ጮኽሁ። «ይኸው ሳሙና! አልነገርሁዎትም?»

እትዬ ይታይሽ ከበሩ ሥር ተነሡ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «በሞተው ባሌ አጥንት! ሳሙና በዚህ ቤት ከገባ ስንት ጊዜው! ግቢና ፈትሺ!»

«ታዲያ ጠጠሩን በምን አጠቡት?»

«በምን ይታጠባል? በእንዶድ ነዋ! ነጠላዬን በማጥብበት። ለሙት ዓመቱ ሰው ሲመጣ ያ ዝቃጭ ይታይ? እንግዶቹ ምን ይሉኛል? ደግሞ አንቺ አጽድተሽ ጠብቂኝ አልሽ፤ ወቅጬ ዳግመኛ አጠብሁት። እጄ እስኪላጥ!»

እጃቸውን ዘረጉት። ቆዳው ተሰነጣጥቋል።

እንዶድ አውቃለሁ። ወገዳም ቢሆን አያቴ ከነጭ ልብሷ በስተቀር ሌላ የማታጥብበት ነገር ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ አረፋውን ስነፋ አድጌአለሁ። ዝርዝሬ ላይ ግን የጻፍሁት ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን ነበር።

አያ ደሴ ታንከሩን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ፣ «አውርዱት እስቲ» አሉ ሰዎቹን። አወረዱት። «ልጄ፣ ከብት አልቅት ሲይዘው እንዶድ ነው የምናጠጣው። አልቅትን ያልማረ ዓሣን ይምራል?»

«ይህን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ለአዲሷ ባለቤት በጄሪካን ያመጣኋቸው ጫጩቶች ነበሩ። ሁለት ሳፋ አስመጣሁ። ሁለቱንም ንጹሕ ውኃ ሞላሁ። በአንዱ ከበርሜሉ ጠጠር አንድ ጭብጥ ጨመርሁ። በየሳፋው ሁለት ሁለት ዓሣ ለቀቅሁ። አጥር ላይ የነበሩትን ሴቶች «ግቡና እዩ» አልኋቸው። ሦስቱ ገቡ፤ ሌሎቹ ከውጭ ቀሩ።

ብዙ አልቆየም። ጠጠር ያለበት ሳፋ ውስጥ ያሉት መጀመሪያ ተቅበዘበዙ፤ አፋቸውን ወደ ላይ አወጡ፤ ከዚያ በጎናቸው ተኙ። በሌላው ሳፋ ያሉት ይዋኛሉ።

እትዬ ይታይሽ ጎንበስ ብለው የሞቱትን በመዳፋቸው አወጧቸው። «እኔው ነኛ የገደልኋቸው» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደሉም» አልሁ። «እኔ ነኝ። አልጠየቅሁዎትም።»

ኔትወርክ ያለው ከጉብታው ላይ፣ ከዋርካው ሥር ነው። ወጥቼ አቶ መኳንንት ጋ ደወልሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«የፈረምሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«ልሰርዘው ነው።»

«የተፈረመ አይሰረዝም። ሌላ ይጻፋል። በሌላው ላይ ጥፋቱ የማን ነው ልትዪ ነው?»

«የእኔ።»

«የተቆጣጣሪነቱ ቦታ ለሰኔ ላንቺ ታስቦ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ጻፊው። ታንከሩ ባለበት ይቆይ።»

ዋርካው ሥር ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ጻፍሁት። «በቴክኒሽያኗ ጉድለት» አልሁ፤ ስሜንም ከነአባቴ አሰፈርሁ። የተቆጣጣሪነቱን ቦታ ከእኔ ሁለት ዓመት ቆይቶ የገባ ልጅ አገኘው። እኔ እስከ ዛሬ ቴክኒሽያን ነኝ።

ጥገናው ይህን ይመስላል፤ ለሚያጋጥማችሁ ልጻፈው። ጠጠሩን በሙሉ አውጥታችሁ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም በውኃ ብቻ ታጥባላችሁ። የእጣቢው ውኃ ወንዝ እንዳይገባ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ትደፉታላችሁ። ጠጠሩ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። ከዚያ ደኅና ከሆነ ሌላ ቤት አንድ ባልዲ የቆየ፣ የሚያሙለጨልጭ ጠጠር ታመጡና ትደባልቃላችሁ፤ እንደ እርሾ ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓሣ ብቻ ትለቃላችሁ። መኖ ጥቂት። አሞኒያውን በየሁለት ቀኑ ትለካላችሁ። ወርዶ ሲረጋ ሌሎቹን ትጨምራላችሁ።

የክልከላ ዝርዝሬን ትቼዋለሁ። አሁን አዲስ ቤት ስገባ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ በዚህ ቤት ዕቃ በምን ይታጠባል? ልብስስ? ለከብት ምን ይሰጣል? መልሱን ሳልሰማ ፓምፕ አልገጥምም። ከዚህ ሥራ የተማርሁት ይኸው ነው።

እትዬ ይታይሽ ጋ ለመጨረሻ ምርመራ የሄድሁት ግንቦት ሲገባ ነው። ጠብታው ቢጫ ሆነ፤ አሞኒያ የለም ማለት ነው። ዓሦቹ ጥላው ውስጥ ይዞራሉ። ቆስጣው ሦስት ሦስት ቅጠል አውጥቷል። ዕቃዬን ሣጥን ውስጥ ከተትሁና፣ «እንግዲህ ጨርሻለሁ፤ ደኅና ነው» አልኋቸው።

«ዓሣውን መልሰሽልኛል» አሉ። «ስሜንስ?»

«ሪፖርቱን ለውጫለሁ፣ እትዬ። በጽሑፍ።»

«ወረቀቱን ወገዳ ነው ያነበቡት። እዚህ ያለው የሰማው አፍሽን ነው።»

«ስብሰባ ላስጠራና ልናገር።»

«ስብሰባ አትጥሪ። በስብሰባ የተባለ በስብሰባ ይረሳል። ቤት ለቤት ሂጂ። የማኅበርተኞቼን ቤት፣ አንድ በአንድ። ‹ጥፋቱ የእኔ ነው› በያቸው፤ ስለ ዓሣው ብዙ አታስረዝሚ።»

«ስንት ቤት ነው?»

«አሥራ አንድ። እኔ አሥራ ሁለተኛዋ ነኝ።» በእጃቸው ከገደሉ ማዶ ጠቆሙኝ። «የመጀመሪያዋ ያቺ ቆርቆሮዋ የሚያበራው ናት። እሷ ካመነች ሌሎቹ ያምናሉ። ውሻዋ ክፉ ነው።»

ሣጥኔን እሳቸው ቤት ተውሁ። ከአጥሩ ሥር ዱላ አነሣሁና በቁልቁለቱ ወረድሁ።